ከቱቦው በታች ሁለት መቶ ሜትር

ሰኞ 4

ዛሬ የወንዝ ቀን ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ወንዝ እሄዳለሁ፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ ማታ ራት አይወርድልኝም። ሾፌሩ መኪናውን እንዳቆመ፣ "አቶ ጽዱ፣ ደርሰናል! አፍንጫዎን ይያዙ" ብሎ ሳቀ። ይህን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ አሁን መላው የውሃ ቢሮ በሱ ይጠራኛል። የበር እጀታ በመሐረብ ስለምይዝ፣ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ስለማልጠጣ። ይሳቁ። ንጹሕ መሆን የሚያስቅበት ዘመን ላይ ደረስን።

ወንዙ ጎድሏል። ሲጎድል ደግሞ ጉዱ ሁሉ ይገለጣል። ከሆስፒታሉ ግቢ የሚመጣው ቱቦ ግራጫ ነገር ይተፋል፣ ያውም ከነአረፋው። አጠገቡ የዶሮ እርባታው ቦይ አለ፤ ላባም፣ ኩስም፣ ምንነቱ የማይታወቅ ቢጫ ነገርም ይወጣበታል። ሁለቱ የሚገናኙበት ድንጋይ ላይ እንደ ንፍጥ የሚሳብ አረንጓዴ ልጥልጥ በቅሏል። የእርባታው ባለቤት ዶሮዎቹ እንዳይታመሙበት መድኃኒት ከመኖ ጋር እንደሚቀላቅል በኩራት ነው የሚያወራው። ለጤነኛ ዶሮ! ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከነሱ አንዷ እህቴ ናት።

ጠርሙሱን ሞላሁ። ቅጹንም ሞላሁ። "ናሙናው የተወሰደበት ቦታ፦ ከቱቦው በታች ሁለት መቶ ሜትር።" ቢሮ ስገባ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ረቡዕ 6

አዲስ ባለሙያ መጣችልን። መነጽሯ ከፊቷ ስለሚበልጥ ባለመነጽሯ ብያታለሁ። ጠረጴዛዋን ከጠረጴዛዬ ጎን አደረጉት፤ እኔን ማን ጠይቆኝ።

እኔ እስከ ዛሬ የምመረምረው ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ፣ ያለውን ባክቴሪያ መድኃኒት ይገድለዋል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ክዳን ያላቸው ትንንሽ ሳህኖች አሏት፤ በውስጣቸው የረጋ የባክቴሪያ ምግብ አለ። እዚያ ላይ ውሃውን ትቀባና ክብ ወረቀቶች ትደረድራለች፤ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ መድኃኒት ጠጥቷል። መድኃኒቱ ከሠራ ወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይወጣል። ካልሠራ ባክቴሪያው ያድግ ያድግና ወረቀቱ ጥግ ድረስ መጥቶ ይቀመጣል። ከሌላ ከተማ ያመጣችውን አንድ ሳህን አሳየችኝ። ከስድስቱ ወረቀት አምስቱ ቀለበት የላቸውም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶታል። እንደ ወፍራም ስልባቦት የረጋ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር።

ዘገነነኝ። ከኔ በኩል አርቂው አልኳት።

"ክዳኑ ተለጥፏል እኮ አባቴ፣ አይናከስም።"

አባቴ! ገና ሃምሳ አልሞላኝም።

ዓርብ 8

ከሥራ መልስ እታለም ጋ ጎራ አልኩ። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት፣ እሷ አስራ አራት ዓመቷ ነበር። የሰው ልብስ እያጠበች ነው አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችኝ። ዛሬም ታጥባለች፤ ብርድ ልብስና ምንጣፍ፣ ወንዝ ዳር፣ ከሌሎች አምስት ስድስት ሴቶች ጋር። ተይው፣ እኔ አለሁልሽ ብዬ ስንቴ ለመንኳት። "ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልቁጠር?" ነው መልሷ።

ስገባ ወንበሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ ጠባዬን ታውቃለች። ሻይ አመጣች። አውራ ጣቷ ብርጭቆው ውስጥ ገብቷል። እዚያው ጣት ስር፣ ቀኝ መዳፏ ላይ፣ ቀላ ያለ እብጠት አየሁ። ማክሰኞ ዕለት ብርድ ልብስ ስታሽ ውስጡ የተረሳ መርፌ ወግቷታል። ሻዩን በወሬ አቀዘቀዝኩት። ገባትና ሳቀች፤ አንስታ እሷው ጠጣችው።

"ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ ነኝ፤ ከኔ የበለጠ ንጹሕ እጅ ከየት ይመጣል?" አለች። "ውሃውንም ቢሆን አንተ ነህ የምትመረምረው።"

ሴቶቹንም እንዲህ ትላቸዋለች። በቀደም አንዷ ውሃው ሸተተኝ፣ ወደ ላይ ወጥተን እንጠብ ስትል፣ "የኔ ወንድም ንጹሕ ነው ብሎ ፈርሟል" ብላ አስቀርታታለች። በኩራት ነው የነገረችኝ።

ቤቴ ገብቼም ያ ብርጭቆ ከፊቴ አልጠፋ አለ። አቅለሸለሸኝ። ያሳደገኝን እጅ! በራሴ አፈርኩ፤ ቢሆንም አቅለሸለሸኝ።

ሰኞ 11

ወንዝ። ሙቀት። ዝንብ። አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሾፌሩ "ከመቼው?" አለ፤ ልምድ ነው አልኩት። ግማሹን ለባለመነጽሯ ሰጠሁ፤ ለአዲሱ ምርመራዋ ፈልጋዋለች።

ረቡዕ 13

ባለመነጽሯ ሳህኗን ይዛ ብርሃን ላይ ስታገላብጥ ቆየች። ምንም አልበቀለም ማለት ይቻላል። እዚህም እዚያም አንዳንድ ነጥብ፣ እነሱም ምስኪን፣ የትኛውም መድኃኒት የሚገድላቸው።

"እርግጠኛ ነዎት ከቱቦው በታች ነው?"

"ቅጹ ላይ አለልሽ።"

"አይ፣ አንብቤዋለሁ። ከሆስፒታል ቱቦ በታች እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ይኼ እኮ ለልጅ ይሰጣል።" ከዚያ ወደ ታች አየች፣ ወደ ጫማዬ። ጫማዬ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ጭቃ ያለበት ጫማ አድርጌ ቢሮ ገብቼ አላውቅም፤ ይህ ወንጀል ከሆነ ይክሰሱኝ።

የዛሬ ልጆች ነገር! ደግ ውጤት ሲያገኙ ደስ ከመሰኘት ፈንታ ይጠረጥራሉ።

ዓርብ 15

የእታለም እጅ እስከ አንጓዋ አብጧል። መሃሉ አረንጓዴ እዥ ቋጥሯል። ለሁለት ቀን ከጎረቤት የተረፈ እንክብል ውጣለች፤ ጎረቤቷ ለጥርሷ ታዞላት ሲሻላት ያቆመችው ነው። እሱ ሲያልቅ መድኃኒት ቤት ሄደች፤ ባለመድኃኒቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ አራት ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት፣ ያለ ማዘዣ። "ሲሻልሽ ተዪው" ብሏታል አሉ። ሄጄ ጮኽኩበት። ባክቴሪያን አለማምዳችሁ አለማምዳችሁ በኛ ላይ ልትለቁብን ነው አልኩት፤ ቃሉን ከባለመነጽሯ ነው የተማርኩት። "ጋሼ፣ እርስዎ ውሃዎን ይጠብቁ፣ እኔ ሱቄን" አለኝ። ባለጌ።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ እብጠቱን ከፍቶ አጠበው። እኔ ወጣሁ፤ ሽታውን አልቻልኩም። በኮሪደሩ እስከ መጨረሻው ሄጄ መስኮት ስር ቆምኩ። ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

እሑድ 17

ትኩሳቱ ስላልበረደ አስተኟት። ስምንት አልጋ ያለው ክፍል። ግድግዳው ላይ እጅ የዳሰሰው ቅባት ከወገብ በታች ቢጫ ቀለም ሠርቷል። መጸዳጃ ቤቱን አልጽፈውም። ነርሷ አንዱን ቁስል በጓንት ነክታ በዚያው ጓንት የመጋረጃውን ገመድ ስትይዝ አየሁ። ቁስል የታጠበበት ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ቱቦው። ቱቦው የት ይሄዳል? አይጠየቅም።

እታለም ግን ስድስት ወዳጅ አፍርታለች። ጎኗ ለተኛችው ሴትዮ እኔን ስታስተዋውቅ፣ "ወንዙን የሚጠብቀው ወንድሜ ይኸውልሽ" አለች።

ሰኞ 18

ወሰድኩ። ታጠብኩ። ባለቤቴ "እጅህን ልትልጠው ነው እንዴ?" አለችኝ።

ማክሰኞ 19

ሐኪሙ ቢሮ ደወለ። ባለመነጽሯ ለምሳ ወጥታ ስለነበር ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የሚለው እንዲህ ነው። የሆስፒታሉ ላብራቶሪ የቁስል ምርመራ ዕቃ ከጨረሰ ወር አልፎታል። እህትዎ የሚያጥቡት ወንዝ ውስጥ ነው፤ ከወንዙ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይዟቸው ከሆነ የኛ መርፌ ውሃ ነው፤ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ኩላሊት የሚጎዳ ስለሆነ በግምት አልሰጠውም፤ ከዋናው መጋዘንም ካላስመጣሁት እዚህ የለም። "እናንተ ምን አግኝታችኋል? ከሆስፒታሉ በታች ያለው ውሃ እንዴት ነው?"

ንጹሕ ነው አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

ወረቀቱ አለ አልኩት። አመሰገነኝ። እንግዲያው በጀመርነው እንቀጥላለን አለ።

ባለመነጽሯ ስትመለስ ነገርኳት። "ለምን ቁስሉን ራሱን አንመረምረውም? መግሉን በጥጥ ያምጡልኝ፣ ሳህን አለኝ" አለች። እኔ በምሠራበት ክፍል የሰው መግል! ይህ የውሃ ላብራቶሪ ነው፣ ደንብ አለው አልኳት። ኃላፊውም ደገፈኝ፤ እሱ ምሳውን እዚህ ይበላል።

ሐኪሙ ራሱ ማጣራት ነበረበት። በሽተኛ በስልክ አይታከምም። የሱ ሥራ ነው፤ የኔ አይደለም።

ሐሙስ 21

ክንዷ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል፣ ወደ ክርን የሚሄድ። መድኃኒቱን ጨመሩላት። ትልቁን ብርቱካን ለኔ መርጣ ሰጠችኝ፤ በግራ እጇ። በላሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በላሁት።

ቅዳሜ 23

ከአጣቢዎቹ ሁለቱ ሊጠይቋት መጥተው አገኘኋቸው። አንዷ ሽንጧ ላይ እባጭ ወጥቶባት አልድን ብሏታል። የሌላዋ ልጅ ጆሮው መግል ሲያወርድ ሦስተኛ ወሩ ነው። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሰማለሁ።

"ከወንዙ ነው እንጂ ከየት ይመጣል?" አለች እባጭ ያለባት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እታለም ተቆጣች። በዚያ ትኩሳት ላይ ሆና ተቆጣች። "ወንድሜ ባለበት ወንዙን ነው የምታሚው? መርፌ ነው የወጋኝ፣ መርፌ! የራስሽን እባጭ ከፈለግሽ ከፍራሽሽ ፈልጊው።"

ሴትዮዋ ይቅርታ አለች። እኔን ቀና ብላ አየችኝና ይቅርታ አለች። ጋዜጣውን አጥፌ ወጣሁ።

ሰኞ 25

እንቅልፍ የለም፣ ልጻፍ።

የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሰኞ። ቅጹ እንደሚለው በቁልቁለቱ ወርጄ፣ ቱቦውን አልፌ፣ ሴቶቹ ዘንድ ደረስኩ። ጠርሙሱን ለመንከር ጎንበስ ስል አንድ ነገር በእጄ ላይ ተጠመጠመ፤ ፋሻ ነበር፣ የተጠቀሙበት ፋሻ። እዚያው አስመለሰኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እታለም ከውሃው ወጥታ አፌን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን፣ ሾፌሩ እያየ። አዲሱ ሱሪዬ እስከ ጉልበት ረጥቦ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ገመድ ይዤ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ጠርሙሱን በገመድ አወረድኩት፣ ሳይነካኝ ሞላ፣ ሳብኩት። አምስት ደቂቃ። ድልድዩ ከቱቦው በላይ ነው። ይሁን፣ ለዛሬ ብቻ አልኩ። ቅጹ ላይ ያለፈውን ሳምንት ቦታ ገለበጥኩ። ለዛሬ ብቻ ያልኩት አስራ አንድ ዓመት ሆነ። ውጤቱ ንጹሕ ሲሆን ኃላፊው ደስ አለው፣ ሆስፒታሉ ደስ አለው፣ የዶሮ እርባታው ደስ አለው። አንድ ዓመት የምስጋና ወረቀት ሁሉ ሰጥተውኛል፤ ግድግዳዬ ላይ አለ።

ይህን ያህል መጻፌ ምን ይጠቅማል። ዛሬ ጠዋት እወርዳለሁ ብዬ ማልጄ ነበር የወጣሁት። ቦት ጫማ ሁሉ ገዛሁ። ሾፌሩ ድልድዩ ላይ አቆመ። ከታች ሽታው መጣ፣ ትኩስ፣ የበሰበሰ እንቁላልና ክሎሪን። እጄ ገመዱን ፈታ። በገዛ እጄ ላይ ማዘዝ አቃተኝ። በገመድ ቀዳሁ።

እኔ ነኝ የምገማው።

ማክሰኞ 26

ወረድኩ።

ሾፌሩን ሳልጠራ፣ በታክሲ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ ሳይመጡ። ቱቦው ስር ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ወድቄ በሁለት እጄ ያንን ልጥልጥ ጨበጥኩት። ይሞቃል። ውሃው እዚያ ጋ ይሞቃል! አስመለሰኝ፣ አፌን በክንዴ ጠረግኩ፣ ክንዴም እርጥብ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠርኩ። የእታለም ድንጋይ ጋ ደረስኩ፤ ለዘመናት ምንጣፍ ሲወቀጥበት የለሰለሰ ድንጋይ ነው። ስሩ የጥርስ ሳሙና የሚመስል ነጭ አተላ ይዟል። ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ነከርኩት።

ከዚያ ሆስፒታል ገብቼ ነርሷን ለመንኳትና ከእታለም ቁስል መግል በጥጥ ወሰድኩ። ትኩሳት ላይ ናት፤ አላወቀችኝም፣ በእናታችን ስም ጠራችኝ። ሁለቱንም ባለመነጽሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

"ደንቡስ?" አለችኝ።

"እባክሽ" አልኳት።

ሐሙስ 28

ሁለት ሳህን፣ ጎን ለጎን። አንዱ ከወንዙ፣ አንዱ ከእህቴ እጅ። ሁለቱም ላይ ያው ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ያው ሽታ፤ ክዳኑ ተለጥፎ እንኳ የሚሸት መሰለኝ። ስድስት ወረቀት። አምስቱ ጥግ ድረስ ተከበዋል። በስድስተኛው ዙሪያ ብቻ ቀለበት አለ፤ ያ ሐኪሙ ኩላሊት ይጎዳል ያለው መድኃኒት ነው። አስራ ሦስት ቀን ሲወጓት የነበረው ሁለተኛው ወረቀት ላይ አለ፤ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ሁሉ ወጥቶበታል።

ባለመነጽሯ ለሐኪሙ ደወለች። መድኃኒቱን በአስቸኳይ እንዲያስመጣ ነገረችው። እንደጨረሰች ቅጹን አነሳች። ያንኑ ቦታ ነበር የጻፍኩት፣ ሌላ ምን ልጽፍ።

"ባለፈው ሰኞ ከዚሁ ቦታ፣ ምንም። በማግስቱ ከዚሁ ቦታ፣ ይኼ።"

"ውሃ ይለዋወጣል።"

"በአንድ ሌሊት እንዲህ አይለዋወጥም" አለች። ቅጹን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ 30

መድኃኒቱ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ ነገረኝ፤ ጣቶቿ ሞተዋል፣ መዳፏም። መድኃኒቱ የቀረውን ያድናል፣ እሷንም ያድናል፣ እጁን ግን አይመልሰውም። "የዛሬ አስር ቀን፣ አስራ አንድ ቀን አውቀን ቢሆን" አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

ፈርሙ አሉኝ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ልጇ እኔ ነኝ። ፊርማዬ አልተበላሸም፤ ያው የቅጹ ፊርማ ነው፣ ጥርት ያለ።

እሑድ 1

ከክርኗ በታች ተቆረጠ።

ሰኞ 2

ወንዝ። ባለመነጽሯ ልሂድ ብላ መኪናው ውስጥ ቀድማኝ ገብታለች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ እንደ ልማዱ አቆመና ከወንበሩ ስር ገመዱን አወጣ። "አቶ ጽዱ፣ ዛሬ እኔ ልሳብልዎ? ሐዘን ላይ ነዎት።" ክፋት የለውም። በደግነት ነው ያለው።

ባለመነጽሯ ገመዱን አየች፣ ድልድዩን አየች፣ ወደ ታች ቱቦውን አየች። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገች። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችና በቁልቁለቱ ብቻዋን ወረደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ከታች ሴቶቹ ያጥቡ ነበር።

ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። "ሐሙስ ለኃላፊው በጽሑፍ አስገባለሁ" አለችኝ፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ዝቅ ብላ። "እህትዎ ግን ከኔ ባይሰሙት ይሻላል።"

ማክሰኞ 3

አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ።

ሥራ አልበዛብኝም።

ረቡዕ 4

ነገርኳት።

ትኩሳቱ ለቋት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። የታሰረው ክንዷ ሌላ ትራስ ላይ አርፏል። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ በአገጯ ወንበሩን አሳየችኝ፣ "አስጠርጌልሃለሁ" አለች።

ቆሜ ነው የጀመርኩት። "እታለም፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃውን የምቀዳው ከድልድዩ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ሰኞ በቀር፣ ሰኞ ሰኞ እናንተ ዘንድ ወርጄ አላውቅም።"

ሳቀች። ቁስሉ እስኪያማት ሳቀች። "ይኼን ልትነግረኝ ነው እንዲህ ያላበህ? እናውቃለን እኮ! ሰኞ ሰኞ ገመድህን ስትለቅ እናይሃለን። ሴቶቹ ሲያሾፉ፣ 'ተዉት፣ ከልጅነቱ ሁሉ ነገር ይቀፈዋል፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሩት' እላቸው ነበር። አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።"



"ምን አለበት ታዲያ?" አለች። "ከላይ ተቀዳ ከታች፣ ያው አንድ ውሃ አይደለም?"

አዎ ብላት አለቀ ነበር። ታምነኛለች፤ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ያስቆጠረችኝ እሷ። ባለመነጽሯ ምን ብትጽፍ እሷ አታነበውም። ይህን ሁሉ እዚያ ቆሜ አሰብኩት፤ ማሰቤን መደበቅ አልችልም።

"አይደለም" አልኳት።

ከዚያ የቀረውን ነገርኳት። ቱቦው ከድልድዩ በታች መሆኑን። ሐኪሙ ደውሎ ወንዙ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትንም። ቁስሉን እንመርምረው ስባል ቀፈፈኝና እምቢ ያልኩትን። በዚያ የባከነውን ዘጠኝ ቀን። አላቋረጠችኝም። ፋሻውን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና ፋሻውን።

"ሐኪሙ ሲጠይቅህ እኔ እዚህ ተኝቻለሁ?"

"አዎ።"

"ከድልድዩ መቅዳትህን እያወቅክ ነው ንጹሕ ነው ያልከው?"

"እያወቅኩ።"

ጎኗ ያለችው ሴትዮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እታለም ትራሱን አስተካክላ ቀና አለች። ስትናገር ስለ እጇ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

"የሴቶቹ ልጆችስ? ሴቶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው?"

"አዎ።"

"ነግረሃቸዋል?"

አልነገርኳቸውም። ውጤቱን ካየሁ ጀምሮ ስድስት ቀን ሙሉ እዚያ ናቸው፤ አንድም ሰው ወርዶ አልነገራቸውም።

"ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

ሄድኩ አልኳት፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ። ልሰናበታት እጄን ዘረጋሁ። የቀረችውን እጇን አንሶላው ውስጥ ከተተች።